ቤት ውስጥ ማን ማን ይኖራል?

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ የልጅን ለአካለ መጠን መድረስ ለወላጅ የሚያበስረው ፂም አይደለም፤ የመኪና ኢንሹራንስ ኩባንያ ነው። ልጁ ገና ቁርሱን በእናቱ ጉትጎታ የሚበላ፣ የካልሲውን ሌላኛ እግር ፈልጎ የማያገኝ ቢሆንም፣ መንጃ ፈቃድ ባወጣ ሰሞን ደብዳቤ ከች ይላል። ነገሩ ሲጨመቅ፣ በአድራሻዎ አንድ ተጨማሪ አሽከርካሪ እንዳለ ደርሰንበታልና ያስመዝግቡ ነው። እንዴት እንደደረሱበት አይናገሩም። እኛ እንኳ ልጁ አሽከርካሪ መሆኑን ገና አላመንንም።

መቼም ቨርጂኒያ ይህን ጉዳይ ከመጀመሪያውም በዋዛ አትይዘውም። ልጅ 15 ዓመት ከ6 ወር ሲሆነው የመለማመጃ ፈቃድ ያወጣል። ከዚያ ወላጅ አጠገቡ ተቀምጦ 45 ሰዓት ያለማምደዋል፤ ከዚህ ውስጥ 15 ሰዓቱ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ መሆን አለበት። ከአንድ ጎረምሳ ጋር፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሆኖ፣ 45 ሰዓት! ስንት አባት ልጁ ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደሚወድ፣ ማንን እንደተጣላ፣ ምን መሆን እንደሚፈልግ ያወቀው ያኔ ነው። እናቶች ደግሞ በእነሱ በኩል የሌለውን ፍሬን ሲረግጡ ምንጣፉን ይጨርሱታል። ይህን ሁሉ ያለፈ ልጅ ዋናውን መንጃ ፈቃድ የሚቀበለው ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ወላጁ አጠገቡ ቆሞ፣ ዳኛው ስለ ፍጥነትና ስለ ሞት ከተናገረ በኋላ ነው። ለዜግነት መሐላ ካልሆነ በቀር ያገራችን ሰው ሳይከስና ሳይከሰስ ፍርድ ቤት የሚቆምበት ሌላ አጋጣሚ ያለ አይመስለኝም። ሱፍ ለብሶ የሚመጣ አባት አለ። ነጠላዋን አጣፍታ የምትመጣ እናት አለች። ዳኛው ንግግሩን ሲጨርስ ደግሞ «አሜን» የሚል አይጠፋም።

ክፍያው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ጎረምሳ ሲጨመር የቤቱ የመኪና ኢንሹራንስ እጥፍ ወደ መሆን ቢጠጋ የሚገርም ነገር የለውም። ኩባንያው ልጃችንን ጠልቶት አይደለም፤ ሒሳቡን ስለሚያውቅ ነው። ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆች በነዱት ማይል ሲሰላ፣ ሰው የሚሞትበት አደጋ ውስጥ የሚገቡት ከ20 ዓመት በላይ ካሉት ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ደግሞ ወንዱ ከሴቷ የበለጠ ያስከፍላል። እኛ ቤት ሴቷ ልጅ ማታ ስትወጣ «ከማን ጋር? የት? ስንት ሰዓት?» ተብላ ትመረመራለች፤ ወንዱ ቁልፉን አንስቶ «መጣሁ» ካለ በቂ ነው። ኩባንያው የሚሰጋው ግን «መጣሁ» ላለው ነው። ካሊፎርኒያ፣ ማሳቹሴትስ፣ ሃዋይና ፔንሲልቬንያ በጾታ ለይቶ ማስከፈልን ከልክለዋል፤ ቨርጂኒያ አልከለከለችም። እኔም እንግዲህ ሴት ልጄን ስንቆጣጠራት ለኖርንባቸው ዓመታት ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቃት እያሰብኩ ነው።

እኛ የምናውቀው መድን እድር ነው። እድር ውስጥ ጤነኛውም ሕመምተኛውም፣ አንድ ልጅ ያለውም ዘጠኝ ልጅ ያለውም እኩል ያዋጣል፤ ሐዘን ሲመጣ ድንኳኑ ለሁሉም አንድ ነው። ጸሐፊው በር አንኳኩቶ «አባትዎ ስንት ዓመታቸው ነው? ያስላቸዋል?» እያለ መዋጮውን በዚያ ቢተምን፣ በሳምንቱ ለእድሩ ራሱ እድር ባስፈለገው። አሜሪካ ግን «ያስላቸዋል?» ብላ ነው የምትጀምረው። ዕድሜህን፣ ሰፈርህን፣ የተቀጣህበትን ትጠይቃለች፤ እዚህ ቨርጂኒያ ደግሞ የክሬዲት ታሪክህም ይታያል። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2000 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የሚተመነው በመኪናው ዓይነትና በሚሠራው ሥራ ነው። ልጅህ ስንት ዓመቱ ነው፣ ስንተኛ ክፍል ነው ብሎ የሚጠይቅህ የለም።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ያገራችንን ሰው የሚያስጨንቀው ግን «ቤት ውስጥ ማን ማን ይኖራል?» የሚለው ነው። ጠያቂው መንዳት የሚችል ዕድሜ ላይ የደረሰውን ሁሉ ማወቅ ይፈልጋል። አንድ ወዳጄ በስልክ ሲመልስ አጠገቡ ነበርኩ።

«እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ሰው የለም። የባለቤቴ እህት ልጅ አለ፤ እሱ ቤት እስኪያገኝ ነው።»

«ከመጣ ስንት ጊዜው ነው?»

«ሩቅ አይደለም። ባለፈው ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ነው የመጣው።»

«መኪና ይነዳል?»

«እዚህ ገና ነው። አገሩ ግን ሲኖትራክ ይነዳ ነበር።»

በወዲያኛው በኩል የኮምፒዩተር ቁልፍ መነካካት ቆመ።

ለእኛ «ይኖራል» እና «አለ» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አማት ስድስት ወር ብትቀመጥም እንግዳ ናት። ኮሌጅ የገባው ልጅ ደግሞ አራት ዓመት ዶርም ቢያድርም ቤት ውስጥ አለ። አልጋው ተነጥፏል፣ ፎቶው ተሰቅሏል፣ ዶሮ ሲሠራ ቅልጥሙ ተለይቶ ይቀመጥለታል። ስለዚህ ልጅ ነሐሴ ላይ ሻንጣውን ይዞ ሲሄድ «ከኢንሹራንሱ ይውጣ ወይስ ይቆይ?» የሚለው ጥያቄ ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ይነሳና ማታ ላይ የቤተሰብ ጉባኤ ይሆናል።

የኔን ሐሳብ ልናገር። አታውጡት። አስወጥተነው በወር ይህን ያህል ዶላር እናተርፋለን የሚል አባት፣ ልጁ ለታንክስጊቪንግ ሲመጣ ምን እንደሚያዘው አላሰበም። «ሂድ እስቲ፣ እንጀራ አልቋልና ገዝተህ ና» ነው የሚለው። አደጋ ደግሞ ልጁ ከኮሌጅ የመጣበትን አራት መቶ ማይል ትቶ ያቺን የእንጀራ ጉዞ ይመርጣል። በዚያ ላይ ልጁ መሐል ላይ ኢንሹራንስ ሳይኖረው የቆየ ከሆነ ነገ በራሱ ስም ሲገዛ ዋጋው ይከብድበታል። ለዚህ ነገር የተሻለ መንገድ አለ። ብዙ ኩባንያዎች ልጁ መኪና ሳይዝ ከቤት 100 ማይልና ከዚያ በላይ ርቆ የሚማር ከሆነ፣ ፖሊሲው ላይ እንዳለ ሆኖ ክፍያውን ይቀንሳሉ። ለበዓልና ለእረፍት ሲመጣም መንዳት ይችላል።

እናት «ልጄ ከቤት ወጣ» የምትለው ክፍሉን ጠርጋ ስታለቅስ ነው፤ ኩባንያው የሚለው 100 ማይል ሲሞላ ነው። እኛ ሰፈር የተማሪ ወላጅ ሁሉ ቀያሽ የሆነው በዚህ የተነሳ ነው። ብላክስበርግ ላይ ቨርጂኒያ ቴክ የገባለት ሰው ምንም አይጨነቅም፤ መንገዱ ከእጥፍ በላይ ነው። ሃሪሰንበርግም ይሞላል። ሻርለትስቪልም ከብዙ ሰፈር ሲነሱ በጥቂቱም ቢሆን ያልፋል። ፌርፋክስ ጆርጅ ሜሰን የገባ ልጅማ ለኩባንያውም ለእናቱም ከቤት አልወጣም፤ እራት ሰዓት ላይ የቆሸሸ ልብሱን ይዞ ይመጣል። ጣጣው ሪችመንድ ነው። ከአሌክሳንድሪያ ስትነሳ መቶ ሞላ አልሞላ እየተባለ የሚያከራክር፣ ከስፕሪንግፊልድ ስትነሳ ለጥቂት የሚጎድል፣ ከውድብሪጅ ስትነሳ ጭራሽ የማይሞላ። አንድ የስፕሪንግፊልድ ሰው ኤጀንቱን «ጌታዬ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አይ 95 ላይ ወጥተህ ታውቃለህ? በማይል ሳይሆን በሰዓት ብትለካው እኮ ኒውዮርክ ነው!» ብሎ ሲከራከር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልተሳካለትም። የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ የሆነው ወንድሙ ግን ልጁን እዚያው ትምህርት ቤት ልኮ ቅናሹን አግኝቷል። ሁለቱ በዚህ የተነሳ ለጥቂት ጊዜ ተኮራርፈው ነበር።

ሌላው ቅናሽ ከዚህ ይበልጥ የሚገርም ነው። የሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆኖ አማካይ ውጤቱ «ቢ» ወይም 3.0 የሆነ ልጅ፣ ብዙ ጊዜ 25 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ክፍያው ይቀነስለታል። «ቢ»! ባገራችን ሰው ቤት «ቢ» ያመጣ ልጅ መጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ «ኤ ያመጣው የማን ልጅ ነው?» የሚል ነው። በዚህ ምድር ላይ ለ«ቢ» የሚሸልም አካል ካለ የመኪና ኢንሹራንስ ኩባንያ ብቻ ነው። አንድ አባት የልጁን 3.9 ይዞ ደውሎ «ለ3.0 ይህን ያህል ከቀነሳችሁ፣ ለ3.9 ስንት ትቀንሳላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ያው ነው አሉት። «ታዲያ ልጄ ያን ሁሉ ሌሊት ያነበበው ለምንድን ነው?» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

የዚህ ቅናሽ እውነተኛ ጥቅም ግን ዶላሩ አይደለም። በ1974 የወጣ አንድ የፌዴራል ሕግ አለ። ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው ወይም ኮሌጅ ሲገባ የትምህርት ማኅደሩ መብት ከወላጅ ወደ ልጁ ይተላለፋል ይላል። ዩኒቨርሲቲዎቹም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ልጁ ፈቃድ ውጤቱን ለወላጅ አያሳዩም። ሁለት ፈረቃ እየሠራህ ከፋዩ አንተ፣ ተመልካቹ እሱ! ስትደውል ልጁ «ጥሩ ነው» ይልሃል። ኬሚስትሪስ? «ጥሩ ነው።» ሒሳብስ? «ጥሩ ነው፣ ባባ፤ ላይብረሪ ነኝ፣ መናገር አልችልም።» ከበስተጀርባ ከበሮ ይሰማል። ታዲያ ይህን ግንብ ያፈረሰው ማን ነው? ኢንሹራንሱ። ኩባንያው ቅናሹን ለመስጠት ትራንስክሪፕት ይፈልጋላ! «እኔ እንኳን አምንሃለሁ ልጄ፤ እነሱ ናቸው አምጣ ያሉት» ማለት ነው። ኩባንያው በዓመት አንዴ ቢጠይቅ አባት በየሴሚስተሩ ይጠይቃል፤ ዘዴው ልጁ የፖሊሲውን ጽሑፍ እስኪያነብ ድረስ ይሠራል። የሚያነብ ልጅ ደግሞ እስካሁን አላጋጠመኝም።

መኪናውን ይዞ የሚሄደው ልጅ ነገር ሌላ ነው። የመቶ ማይሉ ቅናሽ ይቀራል፤ መኪናዋ የምታድርበትንም ከተማ ማሳወቅ ግድ ነው። እዚህ ላይ ልጁ «መኪናው በስሜ ይሁን» የሚል ሐሳብ ያመጣል። ባለቤቱ እሱ ከሆነ ብዙ ኩባንያዎች ለብቻው ፖሊሲ ያውጣ ይላሉ፣ የ19 ዓመት ወንድ ልጅ ለብቻው ሲጠየቅ የሚባለውን ዋጋ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ስሙት። በወላጅ ስም ቢቆይ ይረክሳል። ነገር ግን ሰው ከገጨ ከሳሹ ወላጁንም ጨምሮ ሊከስ ይችላል። እኔ በወላጅ ስም ይቆይ ባይ ነኝ፤ ልጁ ግን ሁለት ነገር በደንብ ይነገረው። አንደኛው፣ ኢንሹራንስ በአብዛኛው የሚከተለው መኪናውን ነው። ለዶርም ጓደኛው «ወንድሜ፣ ውሰዳት» ብሎ ቁልፍ ሲሰጥ፣ ያበደረው የአባቱን ኢንሹራንስ ጭምር ነው። የኛ ልጅ ደግሞ እምቢ ማለት አልለመደም፤ ያለ እኛ ማን እንዲህ አድርጎ አሳደገው? ሁለተኛው፣ የኪስ ገንዘብ ላግኝ ብሎ በዚያች መኪና ምግብ ማድረስ ከጀመረ፣ ተራው የቤት ፖሊሲ እንዲህ ያለውን የክፍያ ሥራ ብዙውን ጊዜ አይሸፍንም። አባቱ ኡበር የሚሠራ ከሆነ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ለራሱ ተጨማሪውን ገዝቷል። ልጁ ከትምህርት በኋላ ፒዛ እንደሚያመላልስ ግን የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው።

አሁን ስለ ኮሮላ እንነጋገር። ለኮሌጅ ልጅ የምትሰጠው መኪና ኮሮላ መሆኗ የታወቀ ነው፤ እናት ነርስነት ስትማር የነዳቻት፣ ታላቂቱ የተለማመደችባት። እንግዲህ አራት ሺህ ዶላር ታወጣለች እንበል። ለራሷ ለኮሮላዋ ጉዳት ተብሎ፣ ማለትም ለኮሊዥንና ለኮምፕሪሄንሲቭ፣ በዓመት 800 ዶላር ይከፈላል እንበል፤ ከራስህ ኪስ ቀድሞ የሚወጣው ዲዳክቲብል አንድ ሺህ ነው። ጠቅላላ ብትወድም የሚሰጥህ ሦስት ሺህ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ስትከፍል ከዚያ በላይ ሰጥተሃል። ግን ለአባት «ፉል ከቨሩን ተወው» ብትለው የሞት ያህል ነው፤ ኮሮላዋን ይወዳታል። ይልቅ ክፍያ ሲከብደው ላያቢሊቲውን፣ ማለትም በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍለውን፣ ወደ ዝቅተኛው ያወርደዋል።

እዚህ ላይ ነው እኔ ድምፄን ከፍ የማደርገው። ቨርጂኒያ እስከ ሰኔ 2024 መጨረሻ ድረስ 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳትን ትፈቅድ ነበር። ያ ገንዘብ የሚሸፍነው አንዳችም ነገር አልነበረም። አሁን ያ ቀርቷል። ከጥር 2025 ወዲህ ደግሞ ዝቅተኛው ለአንድ ሰው ጉዳት 50 ሺህ፣ ለአንድ አደጋ በጠቅላላው 100 ሺህ፣ ለንብረት 25 ሺህ ዶላር ሆኗል። እስቲ ታይሰንስ አካባቢ ቀይ መብራት ላይ ቁሙና ዙሪያችሁን ተመልከቱ፤ ከፊታችሁ ያለው፣ ከኋላችሁ ያለው፣ በግራ ያለው፣ 25 ሺህ የሚበቃው የትኛው ነው? የሃያ ዓመት ልጅህ ከነዚያ አንዱን ከኋላ ቢስመው ቀሪው ከየት ይመጣል? በሃያ ዓመት ድካም ከተገዛችው ቤት ሊመጣ ይችላል። ቤት ያለው፣ ኮሌጅ የሚማር ልጅ ያለው ሰው ላያቢሊቲውን ከፍ፣ ዲዳክቲብሉን ከፍ አድርጎ፣ የኮሮላዋን ነገር ለአምላክ ቢሰጥ ይሻለዋል። ከዚያ በላይ አምብሬላ የሚባል አለ፤ የአንድ ሚሊዮን ዶላሩ በዓመት በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል፤ ከሥሩ ያለው ላያቢሊቲ ግን ቀድሞ ከፍ ማለት አለበት።

ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጻዲቅ ላይ የሚሰጠውን ምክር ግን አልደግፍም። ሜሪላንድ ወይም ዲሲ እየኖሩ «የአክስቴን የቨርጂኒያ አድራሻ ተጠቀም፣ ይረክሳል» የሚባለውን ማለቴ ነው። ይረክሳል፤ አደጋ እስኪደርስ። ያኔ መርማሪው መኪናዋ የት እንደምታድር ይጠይቃል፣ አክስትየዋም በየዋህነት «እሱ እኮ ከገና ወዲህ ብቅ ብሎ አያውቅም» ትላለች። ክሌሙ እዚያ ላይ ያልቃል።

ስልክ ላይ የሚጫነው አፕም አለ፤ ፍሬን በኃይል መያዝን፣ ፍጥነትን፣ እየነዱ ስልክ መነካካትን፣ እኩለ ሌሊት መንዳትን እየቆጠረ ዋጋ የሚያስተካክል። አባቶች ደስ ብሏቸው ያስገቡታል፤ ልጁን ያለ ጭቅጭቅ የሚሰልል መሣሪያ መስሏቸው። ከጥቂት ወር በኋላ ውጤት ሲመጣ የልጁ ከአባቱ በልጦ ይገኛል። አፕ ሆዬ አባትየው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ የሚነዳው ከሥራ ሲመለስ መሆኑን ከየት ይወቅ!

የኛ ታላቅ ልጅ በግንቦት ተመረቀ። አትላንታ ሥራ አገኘና አንድ ቅዳሜ እራት ላይ ለእናቱ «ማሚ፣ አድራሻዬ ሊለወጥ ስለሆነ ከእናንተ ኢንሹራንስ መውጣት አለብኝ» አላት።

ባለቤቴ ጉርሻውን አስቀመጠችው። «ምን አደረግንህ?»

«ምንም! ሕጉ ነው።»

«የጤናው እስከ 26 ዓመት ይቆያል ብለኸኝ አልነበር?»

«እሱ የጤና ነው፣ ማሚ። የመኪናው እንደዚያ የሚል ሕግ የለውም።»

«እና መኪና የሚነዳ ሰው ጤና አያስፈልገውም?»

ለዚህ መልስ አልነበረውም። ስልኩን አወጣና የአትላንታ አድራሻውን፣ ዕድሜውን፣ የመኪናዋን ዓይነት አስገብቶ ለብቻው ዋጋ ጠየቀ። ቁጥሩ ሲመጣ ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች አደረገው፣ እንደገና አስገባ። ቁጥሩ አልተንቀሳቀሰም።

«ባባ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ያ የመቶ ማይል ነገር እስከ አትላንታ አይሠራም?»

«ለተማሪ ነው እንጂ።»

«ምን ዓይነት ተማሪ? ማስተርስም ይሆናል?»

ባለቤቴ ለኢንሹራንስ ኩባንያ ዕድሜ ስትለምን የሰማሁት ያን ቀን ነው።